ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው ሲሉኝ

የመጀመሪያው ምልክት ጨው ነው። ትኩሳቱም ራስ ምታቱም ከዚያ በፊት ነበሩ፤ ግን ጁባ ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ያላገኘው ሰው ስለሌለ ምልክት ብዬ አልቆጥራቸውም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮው ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጨመርኩ። ደንበኛዬ አንዴ ጎርሶ ፊቱን ሲያጨማድድ «አፍህ ነው የተበላሸው!» ብዬ ጮህኩበት። እኔ ደንበኛ የምሰድብ ሰው አልነበርኩም። ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቶ ደንበኛ የሚሳደብ ሰው ደግሞ ብዙ አይቆይም።

ታደለች እባላለሁ። የወላይታ ልጅ ነኝ። ጁባ የገባሁት ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ከባለቤቴ ከማርቆስ ጋር ነው። እሱ ጄኔሬተር ይጠግናል፣ እኔ ምግብ እሸጣለሁ። ይህን የምጽፈው የእንቅልፍ በሽታ ለያዛቸው፣ ከእነሱም ይልቅ የታመመ ሰው ይዘው ምን እንደነካው ግራ ለገባቸው ነው። ሐኪም አይደለሁም። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለእኔም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠራልኝም፤ ስለዚህ ግራ እንደተጋባሁ ነው የምነግራችሁ።

በሽታው ከየት እንደመጣ ግን እንገምታለን። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ረጃፍ በኩል፣ ወንዙ ዳር፣ ጎመንና ቃሪያ የምናለማባት ቁራጭ መሬት ተከራይተን ነበር። እዚያ ኮሽ ሳይል መጥቶ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ሲያርፍም ክንፉን እንደ መቀስ ደራርቦ የሚያጥፍ ዝንብ አለ። ማርቆስ ቆላ ነው ያደገው። ሲያየው ጊዜ «ይሄማ የገንዲ ዝንብ ነው» አለ። ገንዲ እኛ አገር ከብት የሚጨርስ በሽታ ነው። «እንኳን በሬ አልሆንን!» ብለን ተሳሳቅን፤ ከዚያ ጎመናችንን ቀጥፈን ወደ ቤት።

ትኩሳቱ ሲመጣ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ወባ ይሉኛል። መድኃኒቱን ጨርሼ ስመለስ ታይፎይድ ይሉኛል። ሲቸግራቸው ሁለቱንም ይሉኛል። አንገቴ ኋላ የማያመኝ እብጠት ወጥቶ ነበር፤ ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ በጣቷ ነክታ «እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ብትለኝ «ብርድ መቶኝ ነው» አልኳት። ጁባ ውስጥ ብርድ! እሷም አመነችኝ፣ እኔም ራሴን አመንኩ።

ከዚያ እንቅልፌ ተገለበጠ። ቀን ሳህን ይዤ ቆሜ አንቀላፋለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ ደግሞ ዓይኔ ፈጦ ድስት አጥባለሁ። የደንበኛን ሁሉ ትእዛዝ ሳልጽፍ በጭንቅላቴ የምይዝ ሰው፣ ሁለት ሰው ሻይ ሲያዝ የአንዱ ይጠፋብኝ ጀመር። ለቅሶ ቤት ገብቼ ሳቅሁ። ቸርች ስብከት ላይ ስተኛ እህቶች የእንቅልፍ መንፈስ ነው ብለው ጸለዩልኝ። በጸሎቱ አልተቀየምኩም፤ አሁንም አልቀየምም። መጋቢያችን ግን ማርቆስን ለብቻው ጠርተው፣ «እኛ እንጸልያለን፣ አንተ ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ እግዚአብሔር በሁለቱም እጁ ይሠራል» ብለውት ነበር። ማርቆስ እሺ አለ። አልወሰደኝም።

ማርቆስ ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረው። ጨው ሲበዛ ሙቀቱ ነው፣ ስተኛ ሥራው ነው፣ ስሳደብ አገር ቤት ናፍቋት ነው። ለቅሶ ላይ የሳቅሁ ቀን ደግሞ ልጅ ስላላገኘን ሐዘን ልቧን አዙሮት ነው ብሎ ለሰዎች ነገረ። ይህን በኋላ ስሰማ በጣም ነው ያመመኝ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አመመኝ።

ምክንያቱ ሁሉ ያለቀው ቡሉክ የሚባል ሰፈር ላይ ነው። ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ተሳፍሬ ገበያ ወጣሁ ብለው ነው የሚነግሩኝ፤ ቡሉክ ስደርስ ወረድኩና የሶዶ መኪና ከየት እንደሚነሳ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በወላይትኛ። አንዱ ደንበኛዬ አይቶኝ «ማማ፣ ኢታ ኩዌስ?» አለኝ። ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው። እኔ አገር ቤት ያለሁ መስሎኝ፣ አረብኛ የሚናገር ሰው ማየቴ ገረመኝ። ሰውየው እጄን ይዞ ወደ ማርቆስ ወርክሾፕ መለሰኝ፤ ማርቆስም በዚያው ሆስፒታል ወሰደኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አብዛኛው የእኔ ትዝታ አይደለም። ከማርቆስና ከሐኪሙ እየለቀምኩ ያገጣጠምኩት ነው፤ ሁለቱ የማይስማሙበትም ቦታ አለ። እኔ ያለኝ ቁርጥራጭ ነው፦ ነጭ ኮርኒስ፣ የአልኮል ሽታ፣ ጀርባዬ ላይ የቀዘቀዘ ነገር።

ሐኪሙ ዶክተር ማጆክ ይባላል። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ልጅነቱን ጋምቤላ የስደተኞች ጣቢያ ነው ያሳለፈው፣ ሕክምናን የተማረው ጅማ ነው። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጠራል። አንገቴን ከኋላ ዳበሰ። «እህቴ፣ ይሄ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ። መልሴን ማንም አያስታውስም። ደም ወሰደ፣ ከእብጠቱም በመርፌ ፈሳሽ ቀዳ። ማይክሮስኮፕ ስር ትሪፓኖሶማ የሚባለውን ጥገኛ ተውሳክ አገኘው። በሬ ባንሆንም ገንዲው የራሳችን ዓይነት ነበረው።

ከዚያ ላምባር ፐንክቸር አደረጉ። ከወገብ አጥንት መሃል ውሃ መቅዳት ነው። ውሃው ውስጥ ነጭ የደም ሴል በዝቶ ተገኘ። ዶክተር ማጆክ ማርቆስን አስቀምጦ ነገረው።

«ሁለተኛ ደረጃ ነው። አንጎሏ ውስጥ ገብቷል።»

«መድኃኒት አለው?»

«አለው።»

ያለው ግን ሜላርሶፕሮል ነው። አርሰኒክ የሚባል መርዝ አለበት። ብዙ ሰው ያድናል። አንዳንዱን አንጎሉን አሳብጦ ይገድላል። ማንን እንደሚገድል ቀድሞ አይታወቅም። ኤፍሎርኒቲን የሚባለው የተሻለ መድኃኒት ከሆስፒታሉ መጋዘን አልቋል፤ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም።

እዚያው ኮሪደር ጫፍ ላይ ግን አንድ ክፍል ነበረች። የራሷ ፍሪጅ፣ የራሷ ጄኔሬተር፣ የራሷ መድኃኒት። ኤፍሎርኒቲንን ኒፉርቲሞክስ ከሚባል ኪኒን ጋር አጣምረው የሚሰጡባት የምርምር ክፍል ናት። ገንዘቡን የሰጠው የአንድ ሩቅ አገር መንግሥት ነው። የሚመራት ፕሮፌሰር ለገዛ መንግሥቱ ደጋግሞ አመልክቶ፣ ደጋግሞ ተመልሶበት፣ በመጨረሻ ግራንት የሚሉትን የምርምር ገንዘብ ያገኘ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው። ሲራመድ ኮርኒሱን እንዳይመታ የሚፈራ ይመስል ጎንበስ ይላል።

ማርቆስ ነገሩ ፈጽሞ አልገባውም። «መድኃኒቱ አለ። በሽተኛዋም አለች። ታዲያ መሃል ላይ ያለው ምንድነው?» አለ።

«መሃል ላይ ጥያቄ አለ» አለው ማጆክ። «ገንዘቡ የተሰጠው ለጥያቄው ነው። ለበሽተኛው አይደለም።»

ጥያቄው ይህ ነው፦ አንጎላችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት አለ። ይህ በሽታ ያንን ሰዓት ይገለብጠዋል። ተውሳኩ ሲሞት ሰዓቱ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ ተበላሽቶ ይቀራል? ይህን ለማወቅ ጭንቅላት ላይ ሽቦ እየለጠፉ ኢኢጂ በሚባል የአንጎል መለኪያ እንቅልፍን ይለካሉ። ሽቦው በአውሮፕላን የመጣ ነው። የበሽተኛ ሾርባ ግን ግራንቱ ውስጥ የለም፤ ሾርባ ማርቆስ ነው ከቤት የሚያመጣው። «ይሄን ሁሉ ዕቃ የገዛ መንግሥት ሾርባ ያቅተዋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ፕሮፌሰሩ እያንዳንዱ ነገር ለተፈቀደለት ብቻ እንደሚወጣ በትዕግሥት አስረዳው። ማርቆስ ጄኔሬተሩን እያየ ነበርና አልሰማውም።

ከገንዘቡ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ሕግ ነበር። ምርምሩ ውስጥ የሚገባው ነገሩ ገብቶት በራሱ አንደበት የተስማማ ሰው ብቻ ነው። ዘመድ ስለ በሽተኛው መስማማት አይችልም። ድሮ በየአገሩ ሰው ሳያውቅ ብዙ ግፍ ስለተሠራበት የወጣ ሕግ ነው አሉን። ደግ ሕግ ነው። የሚጠየቀው ሰው ግን የታመመው አእምሮውን ነበር።

ፕሮፌሰሩ ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ የሱቅ እንግሊዝኛ እችላለሁ። ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የት ነሽ አለኝ፣ ጁባ አልኩት። ዓመቱ ስንት ነው አለኝ።

«ሁለት ሺህ» አልኩ።

ሰዓቱ ስንት ይመስልሻል አለኝ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አልነበረም።

«ሦስት።»

የፈረንጁ ዓመት ሁለት ሺህ አሥር ነው። ሰዓቱ በእነሱ ከጠዋቱ ዘጠኝ ነው። ፕሮፌሰሩ በትሕትና አመስግኖኝ ወጣ። ማርቆስ ተከትሎት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ አዝናለሁ አለው። ሰዓቱንም ዘመኑንም የማታውቅ ሰው ተስማማች ማለት አይቻልም አለው።

ማርቆስ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ሮጠ። ዶክተር ማጆክን ከሌላ በሽተኛ ፊት ጎትቶ አወጣው።

«ዶክተር! በእኛ ነው እኮ የቆጠረችው! ሰዓቱንም ዓመቱንም በሐበሻ ነው የነገረችው!»

ማጆክ ግንባሩን መታ። «ወይ ጉድ! እኔ ራሴ ከእናንተ አገር የመጣሁ ሰሞን ስንት ቀጠሮ ነው ስድስት ሰዓት አርፍጄ የደረስኩት!» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ማርቆስ እንደሱ ስቆ አያውቅም፤ እንባው ወጣ። አብረው ወደ ፕሮፌሰሩ ክፍል ሄዱ። መንገድ ላይ ማጆክ ቀስ አለ።

«ሰዓቱ ልክ ነው። ዓመቱ ግን... ስንት እንደሚቀነስ ይጠፋብኛል። አሁን በእናንተ ስንት ነው?»

ማርቆስ አፉን ከፈተ።

ሁለት ሺህ ቢል ያበቃ ነበር። ማጆክ ያምነዋል። ፕሮፌሰሩ ማጆክን ያምነዋል። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሐበሻ አልነበረም።

«ሁለት ሺህ ሁለት» አለ ማርቆስ።

ሁለቱም ቆሙ።

በእኛም ተሳስቼ ነበር። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሚሊኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነው፤ አገር ቤት መብራት ሲያበሩ እኛ እዚህ የምግብ ቤታችንን ቆርቆሮ እየመታን ነበር። ጤነኛ የነበርኩበት ዓመት ነው። እዚያ ቆሜ ቀርቻለሁ፤ የቀን መቁጠሪያ ልዩነቱ ደግሞ በሽታዬን ሊሸፍንልኝ ምንም አልቀረውም ነበር። «ለምን አልዋሸህም?» ብዬ በኋላ ተቆጥቼዋለሁ። ክርስቲያን ስለሆንኩ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «እንጃ» አለኝ። «ግራ ገብቶኝ ነበር። ውሸቱ ራሱ አልመጣልኝም።» ያን ያህል ጊዜ ለሁሉም ነገር ምክንያት ሲፈጥር የኖረ ሰው፣ በዚያች ሰዓት አንድ ቁጥር አጣ።

ማጆክ ለፕሮፌሰሩ ሁሉንም ነገረው፤ ሰዓቱን ልክ እንደሆነች፣ ዓመቱን እንደሳተች። ከዚያ አንድ ነገር ለመነ። ዓመቱን ትተን ዋናውን ነገር በቋንቋዋ እንጠይቃት አለ። ፕሮፌሰሩ ቃል በቃል ከተረጎምክልኝ እሺ አለ።

ስለዚህ ጥየቃ አንዲት ቃል አላስታውስም። ማጆክ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ አስረዳኝ አሉ። ሲጨርስ፣ «በይ አሁን ምን እንደምናደርግ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ» አለኝ።

«ከወገቤ ውሃ ትቀዳላችሁ» አልኩ። «ደግማችሁ ደጋግማችሁ ትቀዳላችሁ። አዲስ መድኃኒት ትሰጡኛላችሁ። ያድነኝ ይሆናል፣ ላያድነኝም ይችላል። ራሴ ላይ ሽቦ አድርጋችሁ እንቅልፌን ታያላችሁ።»

«እምቢ ብትዪስ?»

«ሌላውን መድኃኒት ትሰጡኛላችሁ። አታባርሩኝም።»

«እና ለምንድነው የምትስማሚው?»

«አዲስ በርበሬ ሲመጣ መጀመሪያ በትልቁ ድስት አልሠራበትም። በትንሽ ድስት እሞክረዋለሁ። እናንተ ትንሽ ድስት ነው የምትፈልጉት። እኔ አለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ አስተረጎመው። ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር ይላል ማርቆስ። ወዲያው እኔ ዞር አልኩና «የሶዶ መኪና መጣ እንዴ?» አልኩ።

የገባት ሰው ናት? ያልገባት ሰው ናት? ፕሮፌሰሩ አገሩ ላሉት፣ ምርምሩ የሰው ክብር እንዳይነካ ለሚቆጣጠሩት ሰዎች ስልክ ደወለ። ስልኩ ተቆረጠ። ደግሞ ደወለ። እንነጋገርና እንመልሳለን አሉት። ማጆክ ማርቆስን «ነገ ጠዋት ካልመለሱ ካላስ፣ በቃ፣ አሮጌውን እጀምርላታለሁ፤ ከዚህ በላይ መቆየት አትችልም» አለው። ማርቆስ ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መጸለይ አቃተው። ጄኔሬተሩን ሲያዳምጥ ቆየ።

መልሱ ጠዋት መጣ፦ ሕጉ የሚጠይቀው ነገሩ ገብቷት እንደሆነ ነው፤ ዓመቱን ታውቅ አይልም። ከእናንተ የሰማነው ነገሩ እንደገባት ያሳያል። ነገር ግን አእምሮዋ ሲመለስ እንደገና ጠይቋት።

ከእኔ አልጋ ቀጥሎ ማማ ሮዳ የምትባል ሴት ነበረች። የይ ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል ያመጧት ናት። በሽታው ያው ነው፣ ደረጃው ያው ነው። እሷ ግን ሲጠይቋት ዓይኗን አትገልጥም። ትልቅ ልጇ «እኔ ስለ እሷ እስማማለሁ» ብሎ ለመነ። ሕጉ አይፈቅድም። ሜላርሶፕሮል ጀመሩላት። በመሃል አንቀጠቀጣት። ሞተች። እኔ በዚያን ጊዜ አጠገቧ ተኝቼ ነበር። አላወቅኩም።

የእኔ መድኃኒት በደም ሥር ነው የሚገባው፤ ኪኒኑ ያስመልሳል። ሽቦውን ለመለጠፍ ሹሩባዬ መፈታት ነበረበት፤ ማርቆስ ፈታው፣ የጄኔሬተር ሽቦ እንደሚፈታ አድርጎ፣ ስጮህ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ይህን የማስታውሰው እኔ ራሴ ነኝ፣ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ስሰማ ቆየሁና «ማርቆስ፣ ያ ጄኔሬተር ድምፁ ይቆራረጣል፤ ለምን አታይላቸውም?» አልኩት። ማርቆስ የያዘውን ሳህን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ደግሞ ለአንድ ጄኔሬተር ይህን ያህል ምን አስለቀሰው ብዬ ግራ ገባኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ እግሬ እንደ ልጅ እግር ነበር፤ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጎረቤት ጥላ እያልኩ፣ ቀን የመተኛቱ ልማድ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀኝ፣ ሌሊትም እንደ ሰው መተኛት እየለመድኩ፣ አንድ ሰው ሻይ ሲያዝ፣ ከዚያ ሁለት ሰው፣ ከዚያ ሙሉ ጠረጴዛ ሲያዝ ሳይጠፋብኝ ማድረስ እየቻልኩ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። የቸርች እህቶች ተራ ገብተው ድስቴን አጠቡልኝ፤ የተሳደብኳቸው ደንበኞችም አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ፣ አንዳንዶቹ የተሳደብኩትን እየደገሙ ሲያሾፉብኝ አላስታውስም ብዬ ማምለጥ ቻልኩ፣ ይህ እንግዲህ ከበሽታው ያገኘሁት አንዱ ጥቅም ነው።

ለክትትል ስመለስ ፕሮፌሰሩና ዶክተር ማጆክ አብረው ጠበቁኝ። ማጆክ እየተረጎመ፣ «አሁን አእምሮሽ ተመልሷል» አለኝ ፕሮፌሰሩ። «ያኔ ተስማምተሽ ነበር። አሁንም ትስማሚያለሽ? እምቢ ካልሽ ከአንቺ የወሰድነውን ውጤት ሁሉ እንጥለዋለን። ሕክምናሽ አይቋረጥም። አንከፋም።»

«ምን ብዬ ነበር?» አልኩት።

ማጆክ ነገረኝ። ስለ ድስቱ ሳይቀር። ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ፈራሁ። የወገብ መርፌውን አሁን በጤናዬ አውቀዋለሁ። መድኃኒቱን ወስጃለሁ፣ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ የእኔ ትርፍ ምንድነው? ፕሮፌሰሩን ሳልሸሽግ ጠየቅኩት። ምርምሩ ውስጥ ያለነው ሰዎች ጥቂት እንደሆንን፣ አንድ ሰው በጎደለ ቁጥር መልሱ እንደሚደክም፣ መልሱ ከደከመ መንግሥቱ ገንዘቡን ለሌላ ጥያቄ እንደሚሰጠው፣ ክፍሏም እንደምትዘጋ ነገረኝ። አገሩ ውስጥ ሺህ ጥያቄ ነው ለአንድ በጀት የሚሰለፈው አለኝ። የልብ፣ የካንሰር፣ የሽማግሌዎች መርሳት። የእኛን በሽታ እዚያ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

«ማማ ሮዳስ?» አልኩት።

ሕጉ ሰውን ለመጠበቅ የወጣ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ማመልከቻው ዘመድ እንዲስማማ ይፈቀድ ብሎ እንደሚጽፍ፣ ይቀበሉት አይቀበሉት ግን እንደማያውቅ ነገረኝ። ማጆክ ሲተረጉም ድምፁ ወረደ። እኔ እንግዲህ ይህን ነገር እስከ ዛሬ መፍታት አልቻልኩም። ሕጉ ጥሩ ነው። ማማ ሮዳ ሞታለች። እኔ ዓመቱን ሳላውቅ፣ ስለ በርበሬ ስላወራሁ ዳንኩ። ሦስቱን አንድ ላይ ለማስቀመጥ ስሞክር ራሴን ያመኛል፤ በሽታው አይደለም፣ ነገሩ ነው።

ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ማርቆስ ከጎኔ ቁጭ አለ። ምንም አልመከረኝም። ልሂድ እያልኩ፣ ልቅር እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና «እሺ» አልኳቸው፤ ለመርፌውም ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ያማል። አያምም ብዬ አልዋሽም።

አሁን አገሩ ነፃ ወጥቶ ባንዲራው ተሰቅሏል። የምርምር ክፍሏ ግን ተዘግታለች፤ ግራንቱ ጊዜው አልቋል። ፕሮፌሰሩ አዲስ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነው ይለኛል ማጆክ። ይታደሳል የሚልም አለ፣ በጀት ተቀንሷል የሚልም አለ። የቀረኝን ክትትል ማጆክ ራሱ ያደርግልኛል። እስከ ዛሬ ውሃው ንጹሕ ነው።

እናንተ ደግሞ ስሙኝ። ወባ ታክማችሁ፣ ታክማችሁ፣ ትኩሳቱ ከተመለሰና አንገታችሁ ኋላ እብጠት ካለ ሌላ ምርመራ ጠይቁ፤ በተለይ ወንዝ ዳር የምትውሉ ከሆነ። ቀን የሚተኛና ሌሊት የሚነቃን ሰው ደከመው ብላችሁ አትለፉት። የቤታችሁ ሰው ጠባዩ ሲቀየር ምክንያት አትፈልጉለት፤ ፍቅራችሁ እውነት ቢሆንም ሐኪም ጋ እንዳይደርስ ያዘገየዋል። ሐኪም ዓመትና ሰዓት ሲጠይቃችሁ እኛ የምንቆጥረው ሌላ ነው በሉት፤ ከዚያም መልሱን በሁለቱም አቆጣጠር አመሳክሩት። ምርምር ውስጥ ግቡ ሲሏችሁ አትደንግጡ፣ ወዲያውም አትፈርሙ። ምን ልታደርጉኝ ነው፣ እምቢ ብል ምን ይሆናል፣ ገንዘቡስ ከማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ልመና ላይ አይደላችሁም፤ እነሱም ከእናንተ የሚፈልጉት አለ።

ምስጋናዬ ለእግዚአብሔር ነው። ለማርቆስ፣ ውሸቱ ላልመጣለት። ለዶክተር ማጆክ፣ እውነቱን ሁሉ ተናግሮ እንደገና እንጠይቃት ላለው። ለፕሮፌሰሩ፣ አእምሮዬ ሲመለስ እንደ ሰው መልሶ ለጠየቀኝ። ስሙን በማላውቀው ከተማ ግብሩን ለከፈለ፣ ስለ እኔም ሰምቶ ለማያውቅ ሰው።

ከሁሉም በኋላ ደግሞ ለዚያች አልጋዬ ላይ ለነበረችው ሴት። ዓመቱን አታውቅም፣ የሶዶ መኪና ትጠብቃለች። እኔ በሙሉ ጤናዬ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ያመነታሁበትን ነገር እሷ በታመመ ጭንቅላቷ ወዲያው መለሰችው። አላስታውሳትም። እሷ ናት ያዳነችኝ።